የፋስ ከተማ ታሪካዊ ሕንጻዎችና የእጅ ሥራ ሱቆች፤ ስለ አጐበኛኘታቸውና ስለ አጻጻፋቸው የቀረበ ሂስ

ፋስ የሚለው ቃል በአማርኛ እንደ ሆነው ሁሉ በዐረብኛም የመጥረቢያ ስም ነው። የሞሮኮ ጥንታዊት ከተማ ፋስ ስሟን ከዚሁ መሣሪያ እንዳገኘች የሚናገር አፈ ታሪክ አለ፤ ይኸውም 2ኛው ኢድሪስ የከተማዪቱን መሠረት ያስመረው ከወርቅና ከብር በተሠራ ፋስ ነው የሚል ነው። ኢብን አቢ ዘርዕ በ14ኛው ምእት ዓመት በደረሰው የታሪክ መጽሐፍ ስለ ስሙ ከተሰጡት ልዩ ልዩ ፍቺዎች አንዱ ይህ ነው። የታሪክ ሊቅ ተረቱን እንደ ማስረጃ ላይቀበለው ይችላል፤ የሕዝብን ባህል የሚመረምር ሰው ግን ሊያልፈው አይገባም። አንድ ሕዝብ ከተማውን በድል ወይም በዙፋን ስም ሳይሆን በሠራተኛ መሣሪያ ስም ሲተረጕም ስለ ራሱ የሚናገረው ነገር አለና።

ይህች ከተማ ዛሬ በሁለት ተከፍላ ትጐበኛለች። መስጊዶቹና መድረሳዎቹ «ታሪክ» ተብለው ለብቻቸው ይታያሉ፤ የቆዳ አልፊው፣ የመዳብ ቀጥቃጩና የሸክላ ቈራጩ ሱቆች ደግሞ «ትርኢት» ተብለው ለብቻቸው ይታያሉ። በፊተኛው ስለ ነገሥታትና ስለ ዘመናት ይነገራል፤ በኋለኛው ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ዕቃም ይገዛል። ይህ አከፋፈል ትክክል መሆን አለመሆኑ፣ የተጻፉትስ መጻሕፍት ምን ያህል እንዳረሙት መመርመር ይገባዋል።

አስቀድሞ የታሪኩን መሠረት ባጭሩ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ዘመኑም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። በ789 1ኛው ኢድሪስ ከወንዙ በአንደኛው ዳር፣ በ809 ገደማ ደግሞ ልጁ በሌላው ዳር መንደር መሠረቱ። በ818 ከኮርዶባ የተሰደዱ አንዳሉሳውያን በቀኙ ዳር ሰፈሩ፤ ከቀይሩዋን የመጡ ቤተ ሰቦች የግራውን ያዙ። ሁለቱ ከተሞች በየቅጥራቸው ሲፎካከሩ ኖረው በ11ኛው ምእት ዓመት ዩሱፍ ኢብን ታሽፊን አንድ አደረጋቸው። በ1276 የመሪን ነገሥታት አዲሱን ፋስ ለቤተ መንግሥታቸው አጠገቡ ሠሩ። ጐብኚው የሚዞርበት የጠበበው መንገድ ያለው ግን በአሮጌው ፋስ ውስጥ ነው።

ጕብኝቱ እንደ ልማድ የሚጀምረው ባብ ቡጅሉድ ከተባለው፣ በውጭ ሰማያዊ በውስጥ አረንጓዴ ጡብ ከለበሰው በር ነው። ይህ በር የተሠራው ፈረንሳዮች ሞሮኮን በጥበቃቸው ሥር ካደረጉ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ1913 ነው። ብዙ ጐብኚ የመካከለኛው ዘመን ደጃፍ መስሎት የሚገባበት የ20ኛው ምእት ዓመት ሥራ መሆኑ በራሱ ነውር አይደለም፤ ከተማዪቱ ሳትሠራ የቆየችበት ዘመን የለምና። ነውሩ «ጥንታዊ» የሚለው ስም ያለ ጥያቄ መሰጠቱ ነው።

ከበሩ ትንሽ ዝቅ ብሎ አቡ ዒናን የተባለው ንጉሥ በ1350ዎቹ ያሠራው የቡ ዒናንያ መድረሳ ይገኛል። ጐብኚው በግቢው ቆሞ ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ ሲመለከት ሦስት ሥራዎችን ያያል፤ ከታች ዘሊጅ የተባለው ባለ ቀለም የሸክላ ንጣፍ፣ ከመካከል የተቀረጸ ጀሶ፣ ከላይ ከአትላስ ተራሮች የመጣ የአርዝ እንጨት ናቸው። መሪው ሰው የንጉሡን ስም ይነግረዋል። ነገር ግን በመንገዱ በኩል ከመድረሳው ግንብ ጋር ተያይዘው የተሠሩትን ሱቆች ልብ የሚል ጥቂት ነው። እነዚህ ሱቆች በኋላ ዘመን የተለጠፉ አይደሉም፤ ከሕንጻው ጋር አብረው የታሰቡ ናቸው። ወቅፍ፣ በሞሮኮ አነጋገር ሐቡስ፣ በሚባለው ሥርዐት ኪራያቸው ለመድረሳው መተዳደሪያ ይውል ነበር። መድረሳውም የተመደበለትን ንብረት የሚዘረዝር ጽሕፈት በውስጡ ይዟል። አልፍሬድ ቤል የፋስን የዐረብኛ ጽሕፈቶች ሰብስቦ ካሳተመ ከ1910ዎቹ ጀምሮ ይህ ለሊቃውንት ስውር አይደለም። እንግዲህ ተማሪው ትምህርቱን የሚማረው ከበታቹ ባለው ሻጭ ኪራይ ነበረ ማለት ነው። ሱቁን ከመድረሳው ለይቶ የሚያይ ሰው ዛፉን ከሥሩ ለይቶ እንደሚያይ ይሆናል።

የስሞቹም አወጣጥ ይህንኑ ይመሰክራል። በ1323 እና በ1325 መካከል የተሠራው መድረሳ «አጣሪን» የተባለው በቅመምና ሽቱ ሻጮቹ ገበያ ስም ነው። በ1271 የተሠራው መድረሳ «ሰፋሪን» የተባለው በመዳብ ቀጥቃጮቹ ስም ነው። የከተማዪቱ ሰዎች የትምህርቱን ቤት ከገበያው ለይተው አልጠሩትም።

በመካከሉ የቀራዊዪን መስጊድ አለ። እስላም ያልሆነ ጐብኚ ከደጅ ሆኖ ይመለከተዋል። በልማድ ፋጢማ አልፊህሪ የተባለች የነጋዴ ልጅ በ859 በውርስ ገንዘቧ እንዳሠራችው ይነገራል፤ በእድሳት ጊዜ በተገኘ የእንጨት ጽሕፈት ላይ ግን የኢድሪስ ዘር የሆነው ዳውድ በ877 ተጠቅሷል። የሁለቱ ምንጮች አለመግባባት ለጐብኚ ሲነገር አይሰማም፤ የሚነገረው ልማዳዊው ብቻ ነው። ነገር ግን በዚያ በልማዳዊው ታሪክ ውስጥ እንኳ አንድ ቁም ነገር አለ፤ ለሕንጻው ያስፈለገው አፈርና ድንጋይ ከራሱ ከቦታው ተቈፍሮ ወጣ ይባላል። ሕዝቡ ቅድስናውን ያየው በመሥራቿ ልግስና ብቻ ሳይሆን በሕንጻው ዕቃ ንጽሕና ጭምር ነው። ይህ የሠራተኛ አስተያየት ነው።

ከዚያ ጥቂት ርምጃ አልፎ በሰፋሪን አደባባይ የመዶሻው ድምፅ ይሰማል። ለሠርግና ለድግስ የሚሆነው ታላቅ የመዳብ ድስት የሚቀጠቀጠው ለከተማዪቱ ሰው ነው፤ ለጌጥ የተፈለፈለው ትሪ ግን በአብዛኛው ለእንግዳ ነው። ይህን ልዩነት ያላስተዋለ ጐብኚ ሁለቱንም «ባህላዊ ዕቃ» ብሎ ያልፋል። እንደዚሁም በነጃሪን፣ የነጋዴዎች ማደሪያ የነበረው ሕንጻ በ1998 የእንጨት ሥራ ቤተ መዘክር ሆኗል፤ የአናጢው መሣሪያ በመስተዋት ውስጥ ተቀምጧል። በአጠገቡ ባለው ገበያ ደግሞ አናጢዎች ለሙሽሮች ወንበር ይሠራሉ። ቤተ መዘክሩ ሊመሰገን ይገባል፤ ይሁን እንጂ ከመስተዋቱ ወጥቶ ወደ ገበያው ያልተመለከተ ሰው መሣሪያውን አየ እንጂ ሥራውን አላየም።

የዘሊጁም ሥራ እንደዚሁ ነው። ቈራጩ ተቀምጦ የተቀባውን ሸክላ በተሳለ ከባድ መዶሻ ጠርዝ ጠርዙን እየመታ ይቀርጸዋል። ገጣጣሚው ደግሞ ቍራጮቹን ቀለማቸውን ወደ መሬት ደፍቶ ይደረድራል፤ ስለዚህ ሥዕሉን የሚያውቀው በዐይኑ ሳይሆን በልቡ ነው። በላዩ ጀሶ ወይም ሲሚንቶ ፈስሶ ሲደርቅና ሲገለበጥ ብቻ ገጹ ይታያል። በቡ ዒናንያ ግድግዳ አንድ ቦታ ቢረግፍ የሚጠግነው ይህ ሰው ነው። እርሱ ሲጠፋ ሕንጻው ይቆማል እንጂ አይጠገንም።

ትልቁ ጥፋት ግን የሚታየው በሹዋራ የቆዳ ማልፊያ ነው። ጐብኚው ወደ ቆዳ ሱቅ ሰገነት ይወጣል፤ ስለ ሽታው አንድ ዘለላ ናና ይሰጠዋል። ከበታቹ ሰዎች በጕድጓዶቹ ውስጥ እስከ ጭናቸው ገብተው ይሠራሉ። ቆዳው ጠጕሩ እንዲለቅ በኖራ፣ እንዲለሰልስ በርግብ ኩስ ውሃ ይነከራል፤ ከዚያ ይለፋል፤ ይቀለማል። ከላይ ሲታይ የቀለም ገበታ ይመስላል። ጐብኚው ስለ ቀለሙ ይጠይቃል፤ ስለ ሠራተኛው ዕለታዊ ዋጋ ግን አይጠይቅም። በሰገነቱ ከሚሸጠው ጫማ ምን ያህሉ ወደ ጕድጓዱ እንደሚወርድ የሚያስብ የለም። ሌ ቱርኖና ፔይ በ1935 ስለ ፋስ ቆዳ አልፊዎች ማኅበር ባሳተሙት ጥናት ግን ሥራው፣ መሣሪያውና ማኅበሩ በአንድነት ይመረመራሉ። ከሰገነቱ የማይታየው ይህ ነው።

ስለ ከተማዪቱ ከተጻፉት ውስጥ ሦስቱ በዚህ ረገድ ሊነጻጸሩ ይገባል። በፋስ ያደገው፣ አውሮፓውያን ሊዮ አፍሪካኑስ ያሉት አልሐሰን አልወዛን፣ በ1550 በቬኒስ በታተመው መጽሐፉ ከታላቁ መስጊድ ይጀምርና በዙሪያው ካሉት ውል ጸሓፊዎችና መጽሐፍ ሻጮች አንሥቶ ሱቁን በየተራ ይዘረዝራል። ዝርዝሩ ደረቅ ይመስላል፤ ነገር ግን መስጊዱንና ገበያውን አይለይም። ሮዤ ሌ ቱርኖ በ1949 ያሳተመው ታላቅ መጽሐፍ የእጅ ሥራ ማኅበራትን፣ አሚን የተባሉትን አለቆቻቸውንና የገበያውን ተቈጣጣሪ ሙሕተሲብን በሰፊው ይገልጻል፤ በዚህ የሚተካከለው የለም። ሆኖም አርእስቱ እንደሚያመለክተው ከ1912 በፊት ያለችውን ከተማ ስለሚገልጽ፣ አንባቢው ከተማዪቱ እስከዚያች ቀን ሳትንቀሳቀስ የቆየች ሊመስለው ይችላል። ቲቱስ ቡርክሃርት በ1960 በጀርመንኛ ባወጣው መጽሐፍ የእጅ ሥራን እንደ መንፈሳዊ መንገድ ያያል። የሙያውን ትውልድ እስከ አዳም ልጅ እስከ ሴት የሚያደርስ የማበጠሪያ ሠሪም ይጠቅሳል። ይህ ማስረጃ ክቡር ነው። ነገር ግን ያው ሰው ገዢው ርካሹን የፋብሪካ ማበጠሪያ መምረጡን ሲያማርር፣ ነገሩ የመንፈስ መድከም ብቻ ሳይሆን የዋጋ ጕዳይም ነው። ክብሩን ጽፎ ዋጋውን ማሳነስ ሠራተኛውን አይረዳውም።

በ1912 የጥበቃው ውል በዚያችው በፋስ ከተፈረመ በኋላ ሊዮቴ መናገሻውን ወደ ራባት አዛወረ፤ አንሪ ፕሮስትም አዲሱን ከተማ ከአሮጌው አርቆ ነደፈ። በዚህ አሮጌው ቅጥር ከመፍረስ ዳነ፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሹመቱ ወደ ራባት፣ ብዙው ንግድ ወደ ካዛብላንካ ሲሄድ የሠራተኛው ገዢ አብሮ ሄደ። ግንቡ ተጠብቆ ግንቡን ያቆመው ኑሮ ሳይጠበቅ ቀረ። አሮጌው ፋስ በ1981 በዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገባም ይኸው ጥያቄ መልስ ይጠብቅ ነበር።

«ጐብኚ ባይኖር ሠራተኛው በረኀብ ባለቀ ነበር» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተቃውሞው ከንቱ አይደለም። ግን በ1993 በተፈጸመው በካዛብላንካው የ2ኛው ሐሰን መስጊድ ሥራ በሺሕ የሚቈጠሩ ባለ ሙያዎች ዘሊጁን፣ ጀሶውንና እንጨቱን እንደ ሠሩ ማስታወስ ይበቃል። ሙያን የሚያሳድገው ከሁሉ ይልቅ እውነተኛ ሥራ የሚያዝዝ ባለ ጕዳይ ነው፤ የሚመለከት ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ፋስን በትክክል የሚያጠና ሰው መንገዱን መቀየር አለበት። ከመድረሳው ግድግዳ ወደ ቈራጩ መዶሻ፣ ከመዶሻው ወደ ኪራዩ፣ ከኪራዩ ተመልሶ ወደ መድረሳው ጽሕፈት ይሂድ። ይህ ትምህርት ለሌላም አገር ይጠቅማል፤ የሐረር ጀጐል በ2006 በዚያው መዝገብ ገብቷልና፣ በቅጥሩ ውስጥ የሚሠራውን እጅ ከቅጥሩ ለይቶ የሚጽፍ ሁሉ በዚያው ስሕተት ይወድቃል። የፋስ ሰዎች ከተማቸውን በመሣሪያ ስም ጠርተዋታል፤ መሣሪያውን የያዘውን እጅ ሳያይ የሚመለስ ጐብኚ የስሟን ትርጕም ሳያውቅ ይመለሳል።