ዝምታና ገለልተኝነት፤ ስለ ኮሌጅ ተማሮች መንፈሳዊ ኑሮ የቀረበ አጭር ሒስ

እንደሚታወቀው የአምቦ እርሻ ትምህርት ቤት በ1939 ዓ.ም. ተመሥርቶ በየጊዜው እያደገ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ከጊንጪ፤ ከጌዶ፤ ከጉደርም ሆነ ከሩቅ ክፍል ወደ እንዲህ ያለው ግቢ የሚመጣ ወጣት ሻንጣውን ብቻ ሳይሆን ሃይማኖቱንም ይዞ ይመጣል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ተማሪው ይጸልያል ወይስ አይጸልይም የሚለውን አይደለም። ጥያቄያችን በአንድ ክፍል አብሮት የሚያድረው ባልንጀራው ምን እንደሚያምን ያውቃል ወይ የሚል ነው።

አስቀድመን የተማሮችን ማኅበራት ማመስገን ይገባናል። ኦርቶዶክሳውያኑ በግቢ ጉባኤ፤ ወንጌላውያኑ በፌሎሺፕ፤ ሙስሊሞቹም በጀመዓ ይሰበሰባሉ። ከቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣ ልጅ ሲታመም የሚጠይቀው፤ ገንዘብ ሲያጥረው የሚያበድረው፤ ከመጠጥ ቤት ደጃፍ የሚመልሰው ብዙ ጊዜ ማኅበሩ ነው። ማኅበረ ቅዱሳን በ1984 ዓ.ም. ሲቋቋም መሥራቾቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሮች እንደ ነበሩ ስናስታውስ፤ የተማሪ ጸሎት ከግቢ አልፎ ለአገር የሚተርፍ ነገር ሊወልድ እንደሚችል አንክድም።

ነገር ግን ጉድለቱ ከዚሁ ከመልካሙ ነገር አጠገብ ይገኛል። ስሙን በማንጠቅሰው አንድ ኮሌጅ የሆነውን እናንሣ። የአንድ ወንጌላዊ ተማሪ አባት ሞተው መርዶው ወደ መኝታ ክፍሉ ደረሰ። ኦርቶዶክሳዊ ባልንጀራው እናቱ እንዳስተማረችው «ነፍስ ይማር» አለው። የኀዘን ባለቤቱ ግን በቤተ ክርስቲያኑ ለሞተ ሰው ጸሎት ስለማይደረግ አሜን ሊል አልወደደም፤ ዝም አለ። ያኛው እንደ ተናቀ ቈጠረው፤ ይህኛው ደግሞ በአባቱ ሞት ላይ እምነቱ የተነካ መሰለው። ሁለቱም ወደየማኅበራቸው ሄደው ጸለዩ፤ ዓመቱም ሲያልቅ ሳይነጋገሩ ተለያዩ። ከመካከላቸው ክፉ ሰው አልነበረም። የጐደለው ዕውቀት ብቻ ነበር።

በሰፈራችን ቢሆን ይህ ነገር እንዲህ ባልከረረ ነበር። የእድር ድንኳን ሲተከል ለቀስተኛው ሃይማኖቱን ሳይጠየቅ ይቀመጣል፤ አሮጊቶቻችንም ለማን «ነፍስ ይማር»፤ ለማን «እግዚአብሔር ያጽናህ» እንደሚባል ለይተው ያውቃሉ። እንግዲህ ያልተማረው ሰፈር የሚያውቀውን የተማረው ግቢ እንዴት ሳያውቀው ቀረ?

ለዚህ ብዙዎች የሚሰጡት መልስ ሕጉ ነው። በእርግጥ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ንኡስ አንቀጽ 2 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ እንዲሰጥ ያዛል። ይህም አሳብ በአገራችን እንግዳ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር በዶክተር ሉሲየን ማት የሚመሩት የካናዳ ኢየሱሳውያን የካህን ልብሳቸውን ትተው፤ ሃይማኖታቸውንም ሳይሰብኩ ያስተምሩ ነበር። እኛም ሥርዓቱን ትክክለኛ ሆኖ እናገኘዋለን፤ መምህር ከማስተማሪያው ወንበር ላይ ሆኖ ሊሰብክ አይገባምና። ሆኖም አለመስበክ ሌላ፤ አለማወቅ ሌላ ነው። ሕጉ የከለከለው ተጽዕኖን ነው እንጂ ዕውቀትን አይደለም። ገለልተኝነትን ዝምታ ብሎ የተረጐመው የእኛው ፍርሃት ነው።

የዚህን ትርጓሜ ጉዳት በራሳችን አይተነዋል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስናድግ ስለ ቃሉ የሰማነው ባዕድ አምልኮ ነው የሚለውን ብቻ ነበር። ኮሌጅ ገብተን ስዊድናዊው ካርል ኤሪክ ክኑትሰን ስለ ሜጫ ኦሮሞ የቃሉ ሥርዓት የጻፈውንና እ.ኤ.አ. በ1967 የታተመውን ጥናት ስናነብ ግን የቃሉ ደጅ የተጣሉ ሰዎች የሚታረቁበት ሸንጎም እንደ ነበረ ተረዳን። በዚህ ምክንያት እምነታችንን አልለወጥንም። ነገር ግን ዋቄፈታን የሚከተል የክፍል ጓደኛችንን ስለ አያቶቹ የጠየቅነው ከዚያ በኋላ ነው፤ የአያቶቻችንን ደጅ ከባዕድ አገር ሰው መጽሐፍ መማራችንም አሳፍሮናል።

ተማሮች ስለ ሃይማኖት ቢነጋገሩ ጠብ ይነሣል የሚል ተቃውሞ እንደሚቀርብብን እናውቃለን። ተቃውሞው ከንቱ አይደለም፤ ለመርታት የሚደረግ ክርክር ጠብ ማስነሣቱ አይቀርምና። እኛ የምንለው ግን ለማወቅ ስለሚደረግ ጥያቄ ነው። እያንዳንዱ ማኅበር በመንፈቀ ዓመቱ አንድ ቀን ብቻ አባል ላልሆኑ ተማሮች እንዴት እንደሚያለቅስ፤ እንዴት እንደሚጾም፤ ምን እንደሚበላና ምን እንደማይበላ ቢያስረዳ፤ ጥያቄዎቹም አስቀድመው በጽሑፍ ቢሰጡ፤ ስብከትና ማወዳደርም ቢከለከል ሕጉ አይጣስም፤ እምነትም አይጐዳም። የመጀመሪያው ርእስም ለቅሶ ይሁን እንላለን፤ ሞት ማንንም ማኅበር አይመርጥምና።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ሁሉን መርምረው መልካሙን እንዲይዙ መክሯቸዋል። ማኅበሮቻችን መልካሙን በመያዝ በኩል በርትተዋል፤ መመርመሩን ግን ለሌላ ሰው ትተውታል። ለእነዚያ ሁለት ባልንጀሮች ጊዜው አልፏል። በሚመጣው ዓመት በአንድ ክፍል ለሚያድሩት ግን ገና አላለፈም።