የመጋጠሚያው ስፌት

ፒያሳ ወርቅ ሠሪ ቤት ያደገ ሰው ሰንሰለት ሲሰጡት መጀመሪያ የሚያየው ብየዳውን ነው። ጥፍሩን ያሳልፍበታል። ጥፍሩ ካልተደናቀፈ ሥራው አልቋል።

ይህን ያስታወሰኝ አንድ የግእዝ መጽሐፍ ነው። ስሙ ትእዛዘ ሰንበት ይባላል። የኢትዮጵያ አይሁድ የሆኑት የቤተ እስራኤል ነው፤ ስለ ሰንበት ክብርና ሕግ ይናገራል።

በአይሁድ ምኩራብ የሚነበበው ቶራ ጥቅል ነው። የብራናው ጠርዝ ከጠርዝ ጋር በጅማት ክር ይሰፋል፤ ከዚያ በሁለት እንጨት ላይ ይጠቀለላል። የጎንደሩ የቤተ እስራኤል ቄስ ግን ኦሪቱን ይገልጥ የነበረው እንደ አገሩ መጽሐፍ ሁሉ ቅጠል በቅጠል ነው።

የአገሩ መጽሐፍ እንዲህ ይሠራል። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ይዘፈዘፋል፣ በእንጨት ፍሬም ይወጠራል፣ ጠጉሩና ሥጋው ይፋቃል። ብራናው ተቆርጦ ይታጠፍና ጥራዝ ይሆናል። ጸሐፊው ጠርዙን በወስፌ ይበሳል። ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ በደነዘዘ ጫፍ ያሰምራል፤ ቀለም አይነካም፤ መስመሩ በጎን ብርሃን ሲያዩት ብቻ ይታያል። መቃ ብዕሩ ጥቁሩን ይጽፋል፤ ቀዩ ለተከበረ ስምና ለመጀመሪያ ቃል ይቀመጣል። ከዚያ ጥራዞቹ በክር ይሰፋሉ። ክሩ በእንጨት ገበታው ጠርዝ በተበሱ ቀዳዳዎች ያልፋል። ጀርባው ላይ የሚይዝ ገመድ የለም። እያንዳንዱ ጥራዝ የሚያዘው ከእሱ በፊት ባለው ስፌት ነው።

የጽሑፉም ሥራ እንዲሁ ነው። ትእዛዘ ሰንበት ከመጽሐፈ ኩፋሌ ይቀዳል። የኩፋሌ መጨረሻ፣ 50ኛው ምዕራፍ፣ በሰንበት የማይደረገውን ይቆጥራል፤ እሳት ማንደድ፣ ውኃ መቅዳት፣ ሸክም መሸከም፣ መጾም፣ መዋጋት። ይህ ደረቅ ሕግ ነው። ትእዛዘ ሰንበት ግን እዚህ አይቆምም። ሰንበት ራሷ ሰው ትሆናለች። በፈጣሪ ፊት ቆማ ለኃጥኣን ትለምናለች።

ብየዳው የት ነው? እኔ ያገኘሁት ሰዋስው ውስጥ ነው። በግእዝ ቅድስት ሰንበት ይባላል። ሕጉ ገና ሲነበብ ሰንበት በአንስታይ ጾታ ትጠራለች። ስለዚህ ኋላ አፏን ስትከፍት አንባቢው አይደነግጥም፤ ከመጀመሪያው ሴት ነበረች። ጥፍር አይደናቀፍም። በሌላ ቋንቋ ይህን ማስተካከል ብዙ ቃል ይጠይቅ ነበር፤ ግእዝ በአንዲት «ት» ጨረሰው።

ትውፊቱ የቤተ እስራኤልን ምንኩስናና ጸሎት ወደ አባ ሳብራ ይመልሳል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረ ክርስቲያን መነኩሴ ነው ይባላል። ለቤተ እስራኤል ሊሰብክ ሄዶ ከእነሱ ጋር ቀረ። ከንጉሡ ልጆች አንዱ ነው የሚባለው ጸጋ አምላክም ተከተለው። ሁለቱም ሆኽዋራ በሚባል ቦታ በምንኩስና ኖሩ። ይህ ታሪክ ለእኔ ስለ መጽሐፉ አሠራር ይናገራል። ገዳም ውስጥ ግእዝ የተማረ እጅ፣ የብራናውንም የቃሉንም ስፌት ያውቃል።

ምሁሩ ዮሴፍ ሃሌቪ እ.ኤ.አ. በ1867 ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ በ1902 ትእዛዘ ሰንበትን በፓሪስ አሳተመ። ጎንደር አካባቢ የተወለደው ታምራት አማኑኤልም ፍሎረንስ በረቢዎች ትምህርት ቤት ተምሮ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በአዲስ አበባ የተከፈተውን የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤት መራ። ጥቅልም ጥራዝም አንብቧል።

እኔ ግን ደጋግሜ የምመለሰው ወደ ክሩ ነው። መጽሐፉን እስከ መካከሉ ስትከፍቱት ጥራዞቹ ይለያዩና በመካከላቸው ክሩ ይታያል። ያልተነጨ፣ ያልላላ፣ ከቀዳዳው ልክ ያልተረፈ።