የቲቢ ባክቴሪያ፣ የሆድ ትልና ሁለቱ የጎንደር ጥናቶች

የቲቢ ባክቴሪያ ከሰውነት መከላከያ ሸሽቶ የሚደበቅ ተህዋስ አይደለም፤ መከላከያው ውስጥ ገብቶ ይኖራል። ሳንባ ሲደርስ፣ ባዕድ አካልን ውጦ የሚያጠፋው ማክሮፌጅ የተባለው ሕዋስ ይውጠዋል። በተለመደው አሠራር፣ የተዋጠው ተህዋስ ያለበት ከረጢት መፍጫ ኢንዛይሞችን ከያዘው ላይሶዞም ጋር ይዋሐድና ተህዋሱ ይሞታል። አርምስትሮንግና ዳርሲ ሃርት እ.ኤ.አ. በ1971 እንዳሳዩት ግን ሕያው የቲቢ ባክቴሪያ ይህን ውሕደት ያግዳል። በግድግዳው ላይ ያለው ሊፖአራቢኖማናንና የሚያመነጫቸው ፕሮቲኖች ለውሕደቱ የሚያስፈልጉትን ምልክቶች ያውካሉ፤ ገዳይ የነበረው ሕዋስም መኖሪያ ይሆናል። ማክሮፌጁ እገዳውን እንዲቋቋም በዋነኛነት ከቲ ሕዋሳት የሚመጣ ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለ መልእክት ያስፈልገዋል።

የሆድ ትል ጉዳይ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ትል የመከላከያውን አቅጣጫ ይለውጣል፤ ኢዮሲኖፊልን ያበዛል፣ ኢንተርሊዩኪን 10ን የመሰሉ አብራጅ መልእክቶችን ያጠናክራል። ስለዚህ ትል ባለበት ሰው ላይ ማክሮፌጁ ከሚጠብቀው እርዳታ ይጎድልበታል የሚለው መላምት አሳማኝ ነው። ይሁን እንጂ አሳማኝ መሆንና እውነት መሆን የተለያዩ ናቸው። መላምቱን የፈተኑትን ሁለት የጎንደር ጥናቶች ጎን ለጎን ማንበብ ልዩነቱን ያሳያል።

ዳንኤል ኤልያስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ በአክታ ምርመራ ቲቢ የተገኘባቸውን 230 ሕሙማንና አብረዋቸው የሚኖሩ 510 ጤነኞችን ሰገራ መርምረዋል። ትል ከሕሙማኑ በ71 በመቶ፣ ከጤነኞቹ በ36 በመቶ ላይ ተገኝቷል። የጥናቱ ብርታት ንጽጽሩን ከአንድ ጣሪያ ሥር ከሚኖሩ ሰዎች መውሰዱ ነው፤ ልዩነቱን በድህነት ብቻ ማመካኘት ያስቸግራል። ድክመቱ ደግሞ ከጥናቱ ዓይነት ይመነጫል። ሰገራው የተመረመረው ሰዎቹ ከታመሙ በኋላ ስለሆነ፣ ትሉ ለቲቢ መንገድ ጠርጓል ወይስ ቲቢ ያደከመው ሰውነት ለትል ተመቻችቷል የሚለውን መለየት አይቻልም።

ኤባ አባተና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ጥናት ይህን ክፍተት በሙከራ ሊሞላ ተነሣ። ቲቢና ትል በአንድነት የተገኘባቸው 140 ሕሙማን በዕጣ ተከፍለው፣ ገሚሱ አልቤንዳዞል፣ ገሚሱ አስመሳይ ክኒን ወሰዱ። ከ3 ወር በኋላ አልቤንዳዞል በወሰዱት ዘንድ ኢዮሲኖፊልና ኢንተርሊዩኪን 10 ቀንሰዋል። በ2ኛው ወር በተለካው የሕመም ምልክቶች ነጥብ ግን በሁለቱ ወገኖች መካከል ትርጉም ያለው ልዩነት አልታየም። መከላከያው ተለውጧል፤ በሽተኛው ግን ከሌላው ቀድሞ አልተሻለውም።

ይህን ውጤት «ትል ለቲቢ ምንም አያደርግም» ብሎ መተርጎም ስሕተት ነው። በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት ሕሙማኑ በአራት ጠንካራ መድኃኒቶች ስለሚታከሙ ባክቴሪያው በፍጥነት ይቀንሳል። በዚያ ብርቱ ለውጥ ውስጥ የመከላከያ አቅም ትንሽ መሻሻል ቢኖር እንኳ ሊሸፈን ይችላል። ከሁሉም በላይ ሙከራው የጠየቀው ትልን ማከም የታመመውን ሰው ማገገም ያፋጥን እንደሆነ ነው። የ2006ቱ ጥናት ያስነሣው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ትል በባክቴሪያው የተያዘውን ጤነኛ ወደ ሕመም ይገፋዋልን? ለዚህ መልስ የሚሰጠው አልጋ ላይ ያለውን በሽተኛ ማጥናት ሳይሆን፣ አብረውት የሚኖሩትን ከመታመማቸው በፊት መዝግቦ፣ ትላቸውን አክሞ በጊዜ ሂደት መከታተል ነው።

እስከዚያው በጎንደር ከተማም ሆነ በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ ደጋማ ቀበሌዎች የሚሠራ ባለሙያ ከሁለቱ ጥናቶች የሚወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። ትል ሲገኝ ይታከም፤ ደም ማነስንና የምግብ እጥረትን ስለሚያባብስ ሕክምናው በራሱ ይገባል። ለቲቢ በሽተኛ ግን «የትሉ መድኃኒት ቲቢህን ያፋጥንልሃል» የሚል ተስፋ አይሰጠው። በማክሮፌጅ ውስጥ የተሸሸገውን ባክቴሪያ የሚያጠፋው ሳይቋረጥ እስከ መጨረሻው የተወሰደ የቲቢ መድኃኒት ነው። ሕሙማኑ ሲሻላቸው ክኒኑን እንዳያቆሙ የምንመክርበት ምክንያትም ይኸው ነው።