የምንጣፉ ባለውለታዎች

ከጌጃ ሰፈር ወደ መርካቶ ለሚወጣ ሰው ታላቁ አንዋር መስጊድ ሩቅ አይደለም። ብዙዎች ቀና ብለው ሚናራውን ያደንቃሉ፤ የእኔ ልብ የሚቀረው ግን ምንጣፉ ላይ ነው። መካ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ በጥቂቱ ብቻ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብላ ስለምትገኝ የስግደቱን አቅጣጫ የሚያመለክተው ሚህራብ ወደዚያው ያያል፤ ሰጋጁም በሶፍ በሶፍ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ፊቱን ወደዚያው ያዞራል።

ግንባር የሚያርፍበት ቦታ ንጹሕ መሆን አለበት። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ ከስግደት በፊት የሚታጠቡት ውዱእ ይደረጋል፣ እግር ይደርቃል፤ እርጥብ እግር የበዛበት ምንጣፍ ይሸታልና። ከዚህ ሁሉ ጀርባ የመስጊዱ አገልጋዮች፣ ኻዲሞች አሉ። ይጠርጋሉ፣ ያራግፋሉ፣ የውዱኡን ቧንቧ ይከታተላሉ። እንዲህ ያለ ሥራ ሲጓደል እንጂ ሲሟላ ማን ያስተውለዋል? ጁምዓ ቀን ሕዝቡ ከግቢው ሲተርፍማ መንገዱም ይነጠፍበታል።

እንዲህ ያሉ ባለውለታዎች ያሉት በአንዋር ብቻ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሐረር ጀጎል 82 መስጊዶች አሉት፤ ሦስቱ ከ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጡ ናቸው ይባላል። እነዚያን ግድግዳዎች እዚህ ያደረሳቸው በየትውልዱ ኖራ የቀባው፣ የፈረሰውን የለሰነው፣ ስሙ ያልተጻፈው ሰው ነው።