ፊደል ገበታ በስድስት ነጥብ

ስሌትን፣ ማለትም የዓይነ ስውራንን የብሬል መጻፊያ፣ ለመመርመር ብርሃን አያስፈልግም፤ ጣት ይበቃል። ሁለት ስስ ሳንቃዎች በአንድ ጎን በማጠፊያ ተያይዘዋል፤ አንዳንዱ ከብረት አንዳንዱ ከፕላስቲክ የተሠራ ነው። የላይኛው ሳንቃ በመደዳ የተከፈቱ ትናንሽ መስኮቶች አሉት፤ በታችኛው ላይ በየመስኮቱ ትክክል ስድስት ጥቃቅን ጉድጓዶች ተሰርጉደዋል። ወፍራም ወረቀት በመካከላቸው ይገባና ሳንቃዎቹ ይዘጋሉ፤ ማዕዘን ላይ ያሉት ሹል ጥርሶች ወረቀቱ እንዳይንሸራተት ነክሰው ይይዙታል። ከዚያ ስታይለሱ ይነሣል፤ አጭር፣ መዳፍ ውስጥ የሚደበቅ፣ ጫፉ የወስፌ ዓይነት።

የእጅ ሥራው ጥራት የሚታወቀው ግን መስኮቷ ላይ ነው። ከሩቅ ለሚያይ ተራ አራት ማዕዘን ትመስላለች። ጠርዟን በስታይለሱ ጫፍ ሲከተሉት ግን ገባ ወጣ ይላል፤ ሦስት ስርጉድ በግራ፣ ሦስት በቀኝ። ነጥብ ሊወጋበት የሚገባው ቦታ ስታይለሱን ራሱ ይጠራዋል። ለሚያይ ሰው እነዚህ ስርጉዶች ጌጥ ናቸው፤ ለሚጽፈው ሰው ግን ያለ እነርሱ መስመር የለም፣ ፊደልም የለም። የአንዳንዱ ስታይለስ መያዣም በአንድ በኩል ጠፍጠፍ ያለ ነው፤ ዴስክ ላይ ሲያስቀምጡት እንዳይንከባለል። ከዴስክ የወደቀ ስታይለስ ለዓይነ ስውር ተማሪ የክፍለ ጊዜ ግማሽ ነው። ይህን ያሰበ ሠሪ ወለል ላይ በእጁ ሲዳብስ የነበረን ሰው ያውቃል ማለት ነው።

በምዕራብ ሸዋ ይህ መሣሪያ ቤተኛ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው መንገድ አምቦን፣ ጉደርን፣ ጌዶንና ኢጃጂን አልፎ ባኮ ይደርሳል። ባኮን አብዛኛው ሰው የሚያውቃት በበቆሎ ነው፤ ገበሬው “ቢኤች” የሚለው ምርጥ ዘር የስሙን መጀመሪያ የወሰደው ከባኮ የምርምር ማዕከል ነው። የባኮ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ግን በገበያ ስም አልወጣለትም። እኔ በበኩሌ ከሁለቱ የባኮ ሥራዎች የትኛው ይበልጥ ረቂቅ ነው ብባል መልሴ ቶሎ ነው፤ እርግጥ በቆሎው ያበላል።

በስሌት ሲጻፍ ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ነጥቡ የሚወጋው ከወረቀቱ ጀርባ ስለሆነ፣ ወረቀቱ ወጥቶ ሲገለበጥ ጉድጓዱ ጉብታ ይሆናል፣ ግራውም ቀኝ። ስለዚህ ሕፃኑ እያንዳንዱን ምልክት ሁለት ጊዜ ይማራል፤ አንዴ ለንባብ፣ አንዴ ተገልብጦ ለጽሕፈት። ሲያነብ ነጥብ 1 በግራ ከላይ ነው፣ ከሥሩ 2 እና 3፤ በቀኝ 4፣ 5 እና 6 ይደረደራሉ። ሲጽፍ ግን 1 በቀኝ ናት። ጀማሪው ለጥቂት ጊዜ ይምታታበታል፤ ከዚያ እጁ አእምሮውን ትቶት ይሄዳል።

“ባኮ” ብሎ ለመጻፍ አራት መስኮት ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ነጥብ 1 እና 2፤ በሁለተኛው 1 ብቻ፤ በሦስተኛው 1 እና 3፤ በአራተኛው 1፣ 3 እና 5። በቀለም ሁለት ፊደል የሆነው ቃል እዚህ አራት ሆኗል። ምክንያቱ በሒሳብ የሚታይ ነው። ከስድስት ነጥብ ሊሠሩ የሚችሉት ምልክቶች፣ ባዶውን ትተን፣ 63 ናቸው። ከሀ እስከ ፐ ያሉት 33 ፊደላት በሰባት ሲበዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ገና አልተቆጠሩም። ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ምልክት የሚሰጥ መንገድ ከመነሻው ዝግ ነው።

የአማርኛ ብሬል የመረጠው መውጫ ገበታውን በሁለት እጅ መያዝ ነው። የመጀመሪያው ምልክት ረድፉን ይናገራል፦ በ ነው ወይስ ከ? ሁለተኛው ዓምዱን ይናገራል፦ ካዕብ ነው፣ ራብዕ ነው ወይስ ሳብዕ? የሚያየው ልጅ “በ ቡ ቢ ባ” እያለ በዜማ ሲያጠና የረድፉና የዓምዱ ሕግ ከፊደሉ ቅርጽ ውስጥ ተሸሽጎበት ነው፤ ቡ በቀኝ መሐሏ ላይ ቅጥያ አላት፣ ባ ግራ እግሯ አጥሯል፣ አንዳንዱ ፊደል ደግሞ ሕጉን ጥሶ ይሄዳል። በጣት የሚያነበው ልጅ ግን ያንኑ ሕግ እርቃኑን ይዳስሰዋል። ሳብዕ ሁልጊዜ 1፣ 3፣ 5 ነው፤ ሆ ላይም ሎ ላይም ኮ ላይም። የፊደል ገበታ አሠራር ከገበታው ይልቅ በብሬሉ ይገለጣል ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ሁሉንም ፊደል ሁለት ሁለት መስኮት ከማስያዝ ያዳነው ደግሞ የሳድስ ውሳኔ ነው። ሳድስ አናባቢ አይጻፍለትም። “ስም” በብሬል ሁለት ምልክት ብቻ ነው። ከተነባቢው ቀጥሎ አናባቢ ካልመጣ ሳድስ ነው ማለት ነው፤ አሻሚ አይሆንም። አማርኛ ሲጻፍ ከሰባቱ እጅግ የሚደጋገመው ሳድስ ነው፤ እንግዲህ ከሰባቱ አንዱን ያለ ምልክት ለመተው ሲፈለግ ሥራ የሚበዛበትን መርጦ መተው የአዋቂ ምርጫ ነው። ግዕዙ ቢመረጥ ኖሮ ለሚያየው ሰው ይበልጥ “ተፈጥሯዊ” በመሰለ ነበር፤ በገበታው ላይ የመጀመሪያው፣ ቅጥያ የሌለው እርሱ ነውና። እዚህ ላይ ግን ለዓይን የሚቀናው አልተመረጠም፤ ለጣትና ለወረቀት የሚቀናው ተመረጠ። የብሬል ወረቀት ወፍራምና ውድ፣ መጽሐፉም ሸክም ስለሆነ በየቃሉ የዳነች አንዲት መስኮት ተጠራቅማ ጥራዝ ታቀላለች።

ታናናሽ ስሕተቶች ደግሞ ምን ያህል ውድ እንደሆኑ “ባኮ” ራሷ ታሳያለች። በከ ምልክት (1 እና 3) እና በሳብዕ ምልክት (1፣ 3 እና 5) መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ነጥብ ናት፤ ከፍታዋ የሚሊሜትር ግማሽ ያህል። ወረቀቱ ቀጥኖ ወይም መጽሐፉ በእጅ ብዛት አርጅቶ 5 ቁጥር ከተጨፈለቀች ባኮ “ባክክ” ትሆናለች። ስለዚህም የጥሩ ጸሐፊ እጅ እኩል ኃይል ያለው ነው፤ ወረቀቱን አይበሳም፣ ነጥቡንም አያሳንስም። አስተማሪው የተማሪውን ገጽ በመዳፉ አንዴ ሲያብሰው ድካም የት እንደጀመረ ያውቃል።

ይህ ስድስት የሚባል ቁጥር ራሱ ከየት መጣ? በፓሪስ ሻርል ባርቢዬ የተባለ ዓይናማ ሰው ለዓይነ ስውራን ያዘጋጀው ጽሕፈት እስከ 12 ነጥብ ይፈጅ ነበር። የሚገርመው ባርቢዬም ገበታ ነበረው፤ 36 ድምፆችን ስድስት በስድስት ደርድሮ፣ በአንዱ ዓምድ ያሉት ነጥቦች ብዛት ረድፉን፣ በሌላው ያሉት ደግሞ ተራውን እንዲያመለክቱ አድርጎ ነበር። ለእኛ ሰው እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ችግሩ ርዝመቱ ነበር፤ 12 ነጥብ የቆመበትን ቁመት የጣት ጫፍ በአንዴ አይሸፍነውም፣ ጣት ወደ ላይና ወደ ታች መመላለስ አለበት። ሥርዓተ ነጥብም አልነበረውም። ይህን ያረመው በፓሪስ የዓይነ ስውራን ተቋም ተማሪ የነበረው፣ በሕፃንነቱ ዓይኑን ያጣው ሉዊ ብሬል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1824፣ በ15 ዓመቱ። ነጥቡን ወደ ስድስት አወረደው፤ አንድ ምልክት ከአንድ ጣት ጫፍ ሥር ገባ። ሥርዓቱም እ.ኤ.አ. በ1829 ታተመ። ባርቢዬ ደግ ሰው ነበር፣ ሐሳቡም ብልህ ነበር። የጎደለው የሠለጠነ ጣት ነው፤ ጽሕፈቱን በዓይኑ እያየ ነው የሠራው።

ወደ ምዕራብ ሸዋ ስመለስ ግን ከሁሉ በላይ የምደነቅበት ነገር ከፓሪስም ከሒሳቡም ወዲህ ያለ ነው። አምቦ ላይ የሱቅ ማስታወቂያ ቀና ብለው ቢያዩ ሁለት ጽሕፈት ጎን ለጎን ያያሉ፤ አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ አማርኛ በፊደል። ቁቤ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ የላቲኑን ፊደል ይዞ ሄደ። የሚያይ ልጅ ሁለት ቅርጻቸው ምንም የማይገናኝ ጽሕፈቶችን እያንዳንዳቸውን ከዜሮ ይማራል፤ አንዱን ማወቁ ሌላውን አያቀልለትም። የባኮው ልጅ ግን? የአማርኛ ብሬል ተነባቢዎች በአብዛኛው በዓለም አቀፉ ልማድ የተሰየሙ ናቸው። የቁቤው ድምፅ “ብ” 1 እና 2 ነው፤ የአማርኛው “በ”ም 1 እና 2። ነጥብ 3 ሲታከልበት በሁለቱም “ል” ይሆናል። ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስና ሳብዕም ከቁቤ አምስት አናባቢዎች ጋር አንድ ምልክት ይጋራሉ። እንግሊዝኛው ሲመጣም ያው ነው። ዓይን ሁለት አገር የሚያይበት ቦታ ላይ ጣት አንድ አገር ያነባል። ስለ ጽሕፈት ምርጫ ብዙ ሰው ብዙ በተከራከረበት አገር፣ ይህ ዕርቅ ጸጥ ብሎ በስድስት ነጥብ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሆን ተብሎ ለዕርቅ የተሠራ ባይሆንም።

 

ከስሌቱ የወጣ ሰው የት ይደርሳል ለሚል፣ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን ያጣችው የትነበርሽ ንጉሤ በሻሸመኔ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምራ የሕግ ባለሙያ ሆናለች፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሰጥቷታል። ዛሬ ግን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከስሌት ይልቅ ላፕቶፕና ስልክ ይዞ ይገኛል፤ ማያ ገጹን በድምፅ የሚያነብ ሶፍትዌርም ጭኖበታል። ከእነዚህ የታወቀው ኤንቪዲኤ እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው በአውስትራሊያ ማይክል ከራን በተባለ ዓይነ ስውር ነው፤ ነፃ ነው፣ ምንጩም ክፍት ነው። አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ አማርኛ ይናገራል፤ ድምፁ የብረት ቢሆንም ይናገራል። ሊብሉዊ የተባለው የብሬል መተርጎሚያም የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ አለው። ስለዚህ መሠረቱ አለ። የቀረው ማስዋቡ ነው፤ እዚህ ላይ የእጅ ሥራው ከስሌቱ ይልቅ ይከብዳል።

አንደኛው እክል ጥብቀት ነው። አማርኛ ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውን በጽሕፈት አይለይም። “በሬው ይበላል” የሚል ዓረፍተ ነገር ላይ በሬው ሣር እየጋጠ ይሁን ለበዓል ታርዶ፣ ቀለሙ አይናገርም። ብሬሉም እንደ ቀለሙ ዝም ይላል፤ አንባቢው ከዐውዱ ይፈርዳል። የድምፅ ሶፍትዌር ግን ዝም ማለት አይችልም፤ አንዱን መርጦ መናገር አለበት፣ ሲሳሳትም በሬውን ያርደዋል። አፋን ኦሮሞ እዚህ ይቀድማል፤ ቁቤ የጠበቀውን ተነባቢ ይደግመዋል፣ የረዘመውን አናባቢም እንዲሁ፤ መሬት የሚለውና ለስላሳ የሚለው ቃል በአናባቢ ርዝመት ብቻ ሲለያዩ ልዩነቱ ወረቀት ላይ ነው። ለአማርኛው ግን የትኛው ስሕተት የሚያስቅ ብቻ፣ የትኛው ደግሞ የፈተና ጥያቄ የሚያበላሽ እንደሆነ በየቀኑ በጆሮው ከሚያነብ ሰው በቀር የሚፈርድ የለም።

ሁለተኛው እክል ይበልጥ ይማርከኛል። ሰ እና ሠ በድምፅ አንድ ናቸው፤ ሀ፣ ሐ እና ኀም እንዲሁ። ዓይናማ ሠሪ ይህን ጉድለት ጨርሶ ላያየው ይችላል፤ ልዩነቱ ፊቱ ተጽፎለታልና። በጆሮው ብቻ የሚያነብ ሰው ግን ሰነዱን እንደ ጻፈው አርሞ ለአለቃው ለመላክ ሲፈልግ የትኛው “ሰ” እንደተጻፈ ማወቅ አለበት። መፍትሔው ከውጭ የሚመጣ አይደለም። የኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ያውቀዋል፦ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ። ጠቋሚው በፊደል በፊደል ሲራመድ ሶፍትዌሩ “ንጉሡ ሠ” ይበል፤ ዓረፍተ ነገር ሲያነብ ግን በድምፁ ብቻ ያንብብ። ጥቂት መስመር ኮድ ነው። አዲስ የአማርኛ አንባቢ ድምፅ ሠርቻለሁ የሚል ባለሙያ ሥራውን ወደ ባኮ ይዞ ቢሄድና ብሬል ለሚያነቡት ተማሪዎች “ንጉሥ ሣሩን ሰጠ” የሚለውን ፊደል በፊደል ቢያሰማቸው፣ የትኛው ሰ የት እንዳለ ሳይጠይቁት ሊነግሩት ይገባል። ካልቻሉ ሥራው አላለቀም፤ ሲመለስ ጌዶ ላይ ቡና እየጠጣ ሊያስተካክለው ይችላል።