የበዓሉ 50 ዓመት ከመቼ ይቆጠር?

በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. አሳተመ፤ መጽሐፉ ታገደ፤ እሱም በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይኼን ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔን የያዘኝ ግን አንድ ደረቅ የሕግ ጥያቄ ነው።

የቅጅ መብት አዋጃችን (ቁጥር 410/1996) ሥራውን ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለወራሾቹ 50 ዓመት ይጠብቃል። ቆጠራው የሚነሳው ከሞት ነው። በዓሉ መቼ ሞተ? የሚያውቅ ካለ አልተናገረም። አዋጁ ደራሲ ሁሉ አልጋው ላይ እንደሚሞት ታስቦ የተጻፈ ይመስላል። እርግጥ፣ 2 ዓመት ወሬው ያልተሰማ ሰው «ጠፍቷል» እንዲባል ፍርድ ቤት መጠየቅ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ይቻላል። እሺ፣ ከ1976 እንቁጠር፤ 2026 ላይ ያልቃል። ግን እኮ «ኦሮማይ» በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ የዞረባቸው የደርግ ዓመታትም እዚያው ውስጥ ተቆጥረዋል! ከታገደ መጽሐፍ የትኛው ወራሽ ሳንቲም ያገኛል?

ፈረንሳዮች እዚህ ላይ ይሻላሉ። የ«ትንሹ ልዑል» ደራሲ ሴንት ኤግዚዩፔሪም በ1944 እ.ኤ.አ. አውሮፕላኑን አስነስቶ እንደወጣ ጠፋ። ለአገሩ ለሞተ ደራሲ ሕጋቸው 30 ዓመት ይጨምራል። መጽሐፉ በብዙ የአውሮፓ አገሮች በ2015 እ.ኤ.አ. ነፃ ሲሆን ፈረንሳይ ውስጥ ዛሬም ጥበቃው አልተነሳም።

30 ዓመት ለእኔ ይበዛል፤ አንባቢም ተራው ይድረሰው። የእገዳው ጊዜ ከ50ው ላይ እንዳይታሰብ የምታደርግ አንዲት ንዑስ አንቀጽ ግን ትበቃ ነበር። 2026 ደግሞ ሩቅ አይደለም።