«ጮማ ተው» ማለት ብቻ፦ ለትራይግሊሰራይድ ታማሚ ስለምንሰጠው ምክር

ከጅጋ ከተማና ከዙሪያዋ የገጠር ቀበሌዎች የሚመጣ ታማሚ በደሙ ውስጥ ያለው ትራይግሊሰራይድ ከፍ ብሎ ሲገኝ ከእኛ ከባለሙያዎቹ የሚሰማው ምክር በአብዛኛው አንድ ነው፤ ጮማ፣ ቅቤና እንቁላል ይተው፣ ስፖርት ይሥሩ ይባላል። ምክሩ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን የተቀዳው ኮሌስትሮልን ለመቀነስ ከሚሰጠው ትምህርት ነው።

ውጤቱ በዴሲሊትር ከ150 እስከ 499 ሚሊግራም በሆነ ጊዜ ዋናው ጉዳይ ጉበት ወደ ደም የሚልከው ስብ መብዛቱ ነው። ይህንንም የሚያባብሱት ትርፍ ክብደት፣ በቁጥጥር ሥር ያልዋለ የስኳር ሕመም፣ ጣፋጭ ነገርና አልኮል ናቸው። አሁን የምዕራብ ጎጃሙን ገበሬ እናስብ። የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ ከሆነ በዓመት ከ180 ቀናት በላይ ከሥጋና ከቅቤ ይርቃል። በዓቢይ ጾም መካከል መጥቶ «ቅቤ ይተው» ቢባል ምን ይመልስ? ስኳር የበዛበትን ሻይ፣ ጠላውንና አረቄውን ግን የጠየቀው የለም።

ጥያቄውም ቢሆን አጠያየቅ ይፈልጋል። «መጠጥ ይጠጣሉ?» ሲባል «ኧረ የለም፣ ጠላ ብቻ» የሚል መልስ የተለመደ ነው፤ በአገሩ ጠላ እንደ መጠጥ አይቆጠርምና። በማኅበር፣ በዝክርና በደቦ ቀን ስንት ጣሳ፣ ጧት ወደ ሥራ ሲወጡስ ስንት መለኪያ አረቄ ብሎ መጠየቅ ይሻላል። «ሳይበሉ ይምጡ» የሚለው ትእዛዝም እንዲሁ ነው። ሻይ በስኳር ጠጥቶ የመጣው ሰው አልበላሁም ሲል አልዋሸም። ማታ የተጠጣ አረቄም የጧቱን ውጤት ከፍ ሊያደርገው ይችላል። በአንጻሩ ከራቱ በኋላ ምንም ሳይቀምስ እስከ ስድስት ሰዓት የቆየ ጾመኛ ለምርመራው የተመቸ ነው፤ ይህን ዕድል ስንጠቀምበት አላየሁም።

ስብን መቀነስ ግንባር ቀደም የሚሆንበት ደረጃም አለ። ውጤቱ 500ን ሲያልፍ፣ ይልቁንም ከ1000 በላይ ሲሆን፣ የጣፊያ ብግነት ያሰጋል፤ ሕመሙም ሊገድል ይችላል። ወረቀታችን የሚስተው ደግሞ በዚሁ ቦታ ነው፤ ቅቤን ከልክሎ ስለ ዘይት ዝም ይላል። ታማሚውም የጾም ሽሮውንና ምስሩን በዘይት አንበሽብሾ ምክሩን የፈጸመ ይመስለዋል። በዚህ ደረጃ ግን የአትክልት ዘይትም ስብ ነው፤ በማንኪያ ተለክቶ ሊነገረው ይገባል። ተልባም ቢሆን ደግ ምግብ ነው እንጂ ለዚህ መድኃኒት አይሆንም።

ስለ እንቅስቃሴ ብዙ አልልም። ቀኑን ሙሉ በሬ ሲከተል የዋለን ሰው «ስፖርት ይሥሩ» ማለት ያሳፍራል፤ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ለሚውለው ነጋዴ ግን ተገቢ ነው። ክብደቱ የበዛ ሰው ከክብደቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ ቢቀንስ ትራይግሊሰራይዱ 20 በመቶ ያህል ሊወርድ ይችላል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ሁለተኛው ቀጠሮ ነው። ቁጥሩ አልወረደም፤ በካርዱ ላይም «ምክር አይቀበልም» ተብሎ ይጻፋል። የደም ስኳሩ፣ የታይሮይድ ዕጢው፣ ኩላሊቱ ሳይመረመር፣ ስቴሮይድ ወይም አንዳንድ የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ይወስድ እንደሆነ ሳይጠየቅ ጥፋቱ የእርሱ ይሆናል። እርሱ ግን ቅቤውን ትቷል፤ አረቄውን እንዲተው የነገረው አልነበረም።